«እኔ አለሁ» ያለው ዋስ የት ገባ?

ሩንዳ የመኖሪያ ሰፈር ከመሆኑ በፊት የቡና እርሻ ነበር። በሊሙሩና በኪያምቡ መንገዶች መካከል፣ ከካሩራ ደን በስተሰሜን የተዘረጋው ቀይ አፈር ቡናው ተነቅሎ በሰፋፊ ግቢዎች ተሸነሸነ። በጎረቤቱ ጊጊሪ የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ከተተከለ ወዲህ ደግሞ ሰፈሩ ከየአገሩ የመጣ ሰው መኖሪያ ሆነ። አማርኛ የሚነገርባቸው ቤቶችም በመካከሉ አሉ። በዚህ ሰፈር የእጅ ሥራን ጥራት የሚመረምረው ታላቁ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ አይደለም፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚወርደው ረጅሙ ዝናብ ነው። ጣሪያ ላይ የተተከለ የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ በደረቁ ወራት ያለ እንከን ይሠራል። ዝናቡ ሲገባ ግን ብሎኑ የገባበት ቀዳዳ በወጉ አለመደፈኑ ይገለጣል። ኮርኒሱ ላይ በመጀመሪያ ሲኒ የምታህል ቡናማ ቀለበት ትታያለች፤ ሳምንት ሳይሞላትም የእንጀራ ምጣድ ታህላለች።

ባለቤቱ ስልኩን ያነሣል። የሠራተኛው ስልክ አይመልስም። ቀጥሎ የሚደወለው ሠራተኛውን ወዳስተዋወቀው የአገር ልጅ ነው። ያ ሰው ቀብዱ ሲከፈል በቦታው ነበር፤ «ልጁን አውቀዋለሁ፣ ምንም ቢሆን እኔ አለሁ» ያለውም እርሱ ነው። አሁን ግን ድምፁ ቀዝቀዝ ብሏል። ባለቤቱም ከይሉኝታ ብዛት ዝም ይላል፤ ወይም ዝም ሳይል ቀርቶ ለብዙ ዓመታት የቆየ ወዳጅነት በአንድ የውኃ ቧንቧ ሳቢያ ይበጠሳል። እንዲህ ያለውን ነገር ናይሮቢ ውስጥ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ቢኖር ጥቂት ነው። ይሁንና «እኔ አለሁ» የሚለው ቃል በሕግ ፊት ምን ያህል ይመዝናል? መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ ርቆ መሄድ ያስፈልጋል።

በቀድሞዋ ኢትዮጵያ ሙግት ያለ ዋስ አይታሰብም ነበር። ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ቢጣሉ አላፊ አግዳሚውን አስቁመው የመንገድ ዳኛ ያደርጉታል፤ እርሱም የመጀመሪያ ሥራው ዋስ ማስጠራት ነው። ከሳሽም ተከሳሽም ዋስ ከጠሩ በኋላ ነገሩ በበላ ልበልሃ ይሟገታል፤ ተሟጋቾቹ በማር፣ በፈረስ ወይም በሌላ ነገር ይወራረዳሉ፤ ያም ውርርድ ራሱ ዋስ ይጠራበታል። ዋስ ያጣ ሰው ከባላጋራው ጋር በኩታው ጫፍ ታስሮ፣ ቁራኛ ሆኖ ወደ ዳኛ ይሄዳል። ዋስ ማለት በቃሉ ብቻ፣ ያለ ወረቀትና ያለ ማኅተም፣ የሌላውን ሰው ጥፋት በራሱ ላይ የሚሸከም ሰው ማለት ነበር። ይህም ሰው በመሬቱ፣ በዘመዱና በአጥቢያው የታወቀ ስለሆነ ቃሉን በልቶ የሚሸሸግበት ቦታ አልነበረውም።

ለባለ እጅ ደግሞ ዋስ ከማንም በላይ ያስፈልገው የነበረ ይመስላል። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪው በብዙ የአማራ አገር ርስት የማይካፈሉ፣ በቡዳነትም የሚታሙ ነበሩ። አገሩ ያለ እነርሱ ማረሻም ልብስም አልነበረውም፤ ንቀቱ ግን አልቀነሰም። ርስት የሌለው ሰው ሥራው ቢበላሽ ካሣ የሚወሰድበት ንብረት የለውም። ስለዚህ የሚጠየቀው እርሱን ያስጠጋው ባላገር ነበር ብሎ መገመት ከእውነት የራቀ አይሆንም። የዛሬው የናይሮቢ አስተዋዋቂም የዚያ ባላገር የልጅ ልጅ ነው ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ እርሱም እንደ ሠራተኛው በሰው አገር ያለ ርስት መኖሩ ነው።

የተጻፈ ሕግ አልነበረም ማለት አይደለም። በ13ኛው መቶ ዘመን ግብፃዊው ኢብን አል አሳል በዓረብኛ ያዘጋጀው ፍትሐ ነገሥት በግዕዝ ተተርጉሞ ነገሥታቱ ይፈርዱበት ነበር፤ ከ51 አንቀጾቹ የመጀመሪያዎቹ 22ቱ መንፈሳዊ፣ የቀሩት ሥጋዊ ጉዳዮችን የሚመለከቱ ናቸው። ነገር ግን የመጽሐፉ ሥልጣን በዙፋን ችሎትና በሊቃውንቱ ዘንድ እንጂ በየመንደሩ አልነበረም። በነገራችን ላይ፣ ስለ መጥፎ ሥራ ለመደንገግ ከሁሉ ቀድመው ከተገኙት አንዱ የባቢሎኑ ሐሙራቢ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዘመን ያወጣው ሕግ፣ የተሠራው ቤት ፈርሶ ባለቤቱን ቢገድል ሠሪው ይገደል ይላል። ግድግዳው ያጋደለ እንደሆነ ግን ግንበኛው በገዛ ገንዘቡ ያጠንክረው ብሎ ያልፋል። የሩንዳው ባለቤት የሚፈልገውም ከዚህ ሁለተኛው የበለጠ ነገር አይደለም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ገደማ፣ ናይሮቢ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1899 ሲቆረቆሩ ሁለቱም ከተሞች አዲስ ዓይነት ሠራተኛ አስፈለጋቸው። ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የመጣው የኡጋንዳ የባቡር ሐዲድ 32,000 ያህል ሕንዳውያን ሠራተኞችን ይዞ መጣ፤ ከነዚህም መካከል ግንበኞችና አናጢዎች ነበሩ። ወደ ምኒልክ ከተማም ሕንዳውያን ግንበኞች መጥተው ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። ከሣር ክዳን ወደ ቆርቆሮ፣ ከጭቃ ወደ ድንጋይ፣ ከምንጭ ወደ ቧንቧ የተደረገው ሽግግር ዘመድ አዝማዱ የማይታወቅ ባለሙያን በየቤቱ አስገባ። ስዋሂሊ ይህን ባለሙያ «ፉንዲ» ይለዋል። ቃሉ «ማስተማር» ከሚለው ግስ ጋር ዝምድና ስላለው የተማረና የሠለጠነ ሰው የሚል ክብር ይሸተትበታል፤ አማርኛው «ባለ እጅ» ግን ሰውየውን ከእጁ አሳልፎ አያየውም። ናይሮቢ የከረመ ኢትዮጵያዊ «ፉንዲ ጥራ» እንጂ «ባለ እጅ ጥራ» አይልም።

የኢትዮጵያ ሕግ ለዚህ አዲስ ኑሮ መልስ የሰጠው በ1952 ዓ.ም. ነው። በ1946 ዓ.ም. በተቋቋመው የሕግ አርቃቂ ኮሚሽን ሥር ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጣ፤ በመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። በቁጥር 3039 ላይ የሠፈረው ድንጋጌ በዚህ ጉዳይ ከሁሉ የሚጠቀስ ነው። የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ሥራውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ስለ ሥራው በደንብ መሠራትና ስለ ጽኑነቱ ኃላፊ ነው። ጉዳቱ ከአሠራሩ ጉድለት ወይም ሥራው ካረፈበት መሬት ጠባይ ቢመጣም ከኃላፊነቱ አያመልጥም። ይህን ዘመን የሚያሳጥር ወይም ኃላፊነቱን የሚያስቀር ውል ቢዋዋሉም ውሉ ዋጋ የለውም። የ10 ዓመቱ ቁጥር ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ሰው መልሱን በናፖሌዎን ሕግ ያገኘዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1804 የወጣው የፈረንሳይ ሕግ በቁጥር 1792 ላይ አርክቴክቱንና ሥራ ተቋራጩን ለ10 ዓመት ተጠያቂ አድርጎ ነበር።

በዕለት ተዕለቱ አማርኛ «ዋስትና» ሁለት ነገር ይናገራል። ሰው በሰው ይዋሳል፤ ቴሌቪዥንም የአንድ ዓመት ዋስትና ይኖረዋል። በሕጉ ዓይን ግን እነዚህ ሁለቱ ፈጽሞ የማይገናኙ ነገሮች ናቸው። ቁጥር 3039 ሠሪውን ለገዛ ሥራው ተጠያቂ አድርጎ ሲያቆም፣ በዚያው ሕግ ውስጥ ያሉ ሌሎች ቁጥሮች የቀድሞውን የቃል ዋስ ሳይጠራ አሰናበቱት። ቁጥር 1725 የዋስትና ውል በጽሑፍ ይሁን አለ። ቁጥር 1922 ደግሞ ዋስትና በግምት አይወሰድም፤ ዋሱ የተዋሰበት የገንዘብ ልክ ካልተገለጠም ውሉ ዋጋ የለውም አለ። በቁጥር 3347 በሕጉ የተሸፈኑት የቀድሞ ልማዶች ሁሉ ተሻሩ። ለብዙ መቶ ዓመታት በበላ ልበልሃ አደባባይ ቃሉን እንደ ንብረት ሲያስይዝ የኖረ ሰው በሦስት አጫጭር ቁጥሮች ከፍርድ ቤት ወጣ። ገበሬው ይህን ሳይሰማ ብዙ ዓመት ቆየ፤ ከተሜውም ቢሆን የሰማው ዘግይቶ ነው።

የኬንያ ሕግ በሌላ መንገድ ወደዚያው ስፍራ ደረሰ። እንግሊዞች የአገራቸውን ሕግ ወደዚህ ሲያመጡ የመቁረጫው ቀን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 12 ቀን 1897 ሆኖ ተወሰነ፤ በዚያ ቀን በእንግሊዝ አገር የነበረው የተለምዶ ሕግ፣ ለአገሩ ሁኔታ በሚስማማ መጠን፣ በኬንያም ይሠራል ተባለ። ከዚህ ሕግ ጋር አንድ አሮጌ ታሪክ አብሮ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1400 አንድ እንግሊዛዊ አናጢ ቤት ሊሠራ ተስማምቶ ሳይሠራ ቀረ። ከሳሹ በማኅተም የጸና ወረቀት አልነበረውምና ተረታ። ሆኖም ከዳኞቹ አንዱ ሥራውን ጀምሮ በቸልተኝነት ትቶት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ምናልባት ሌላ ይሆን ነበር የሚል አስተያየት ጣል አደረገ። ቃል ገብቶ ያልሠራና ሠርቶ ያበላሸ ሰው የተለያዩ መሆናቸው ከዚያ ወዲህ እየጎላ ሄደ፤ በመጥፎ ሥራ ካሣ የመጠየቅ መብትም በእንግሊዝ ሕግ ያደገው በዚህች ስንጥቅ በኩል ነው። በኮርኒሱ ላይ ቀለበት ያየ የሩንዳ ሰው ሳያውቀው የሚቆመው በዚያ በተረታ ከሳሽ ትከሻ ላይ ነው።

ለውል ጉዳይ ኬንያ ለብዙ ዓመት የተጠቀመችው እ.ኤ.አ. በ1872 ለሕንድ በወጣው የውል ሕግ ነበር። ሐዲዱን የሠራው እጅ ከሕንድ እንደመጣ ሕጉም ከዚያው መጣ ማለት ነው። ይህ ሕግ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1961 በኬንያ የውል ሕግ ተተካ። የአዲሱ ሕግ ሦስተኛ ክፍል በመክፈቻው ላይ ስለ ዋስ ይናገራል፤ ስለ ሌላ ሰው ዕዳ ወይም ጥፋት እመልሳለሁ ብሎ ቃል የገባ ሰው ያ ቃል በጽሑፍ ካልሆነና ካልፈረመበት ሊከሰስ አይችልም። ምንጩ እ.ኤ.አ. በ1677 በእንግሊዝ የወጣው የማጭበርበር መከላከያ ሕግ ነው። በሐሰት ምስክር ሰውን ዋስ ነበርክ እያሉ ማስፈረድ በመብዛቱ ነበር የወጣው።

የቀኖቹ መቀራረብ ሊስተዋል ይገባል። የኢትዮጵያው ሕግ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲዋል በፈረንጆቹ አቆጣጠር ቀኑ መስከረም 11 ቀን 1960 ነበር። የኬንያው ከዚያ በኋላ አራት ወር እንኳ አልቆየም። አንዱ ከፓሪስ፣ ሌላው ከለንደን የተቀዳ፣ አንዱ በንጉሠ ነገሥት መንግሥት፣ ሌላው በቅኝ አገዛዝ የወጣ፤ ሁለቱም ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ያንኑ ሰው፣ «እኔ አለሁ» ባዩን፣ በሕግ የማይያዝ አደረጉት። ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተሻገረ ኢትዮጵያዊ ይዞት የመጣው የዋስ እምነት በሄደበት አገርም ሆነ በተወው አገር ከ60 ዓመት በላይ የሕግ መሠረት አልነበረውም። ልማዱ ግን ሕጉን ሳይጠይቅ እየኖረ ነው፤ በባዕድ አገር ደግሞ የበለጠ ሥር ይሰዳል፤ ቋንቋውንና ሰፈሩን የማያውቅ ሰው ከአገሩ ልጅ ቃል ሌላ የሚይዘው ምን አለው?

ስለዚህ የሚጠየቀው ሠሪው ራሱ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ወረቀት ከሌለ ክስ የለም ብለው ማሰባቸው ነው። ወረቀት የሚጠየቀው ለዋሱ እንጂ ለሥራው ውል አይደለም፤ በቃል የተደረገ የሥራ ስምምነት በኬንያ ሕግ ይጸናል፣ ችግሩ ማስረዳቱ ላይ ነው። በዚህ ረገድ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2007 ሥራ የጀመረው ኤም-ፔሳ ሳያስበው የምስክርነት ሥራ ያዘ። ቀብዱ ለማን፣ ስንት፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደተላከ መልእክቱ ይናገራል። የድሮው የመንገድ ዳኛ ይህን ዓይነት እማኝ ቢያገኝ ስንት ማርና ፈረስ ያለ ውርርድ በዳነ ነበር።

የኬንያ ሕግ ለተጠቃሚው ያደላው በቅርብ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 የወጣው የዕቃ ሽያጭ ሕግ ስለ ዕቃው እንጂ ስለ እጁ ብዙ አይናገርም ነበር፤ ማሞቂያው ዕቃ ነው፣ ጣሪያው ላይ መትከሉ ግን ሥራ ነው። ይህን ክፍተት ዳኞች በፍርድ ሲሞሉት ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1968 በእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት የታየ አንድ ጉዳይ «ሶመርሴት 13» የተባለ የጣሪያ ሸክላን የሚመለከት ነበር። ሸክላው ሲታይ እንከን አልነበረውም፤ ከተነጠፈ በኋላ ዓመት ሳይሞላው በአየሩ ይፈራርስ ጀመር። ሸክላውን የመረጠው አሠሪው ቢሆንም ለጥራቱ የሚመልሰው ጣሪያውን የሠራው ተቋራጭ ነው ተብሎ ተፈረደ። ከ1897 ወዲህ የተሰጡ የእንግሊዝ ፍርዶች የኬንያን ዳኛ አያስገድዱም፤ ያሳምኑታል እንጂ። «ዕቃውን ያመጣኸው አንተ ነህ» የሚለው የፉንዲ መልስ ሁልጊዜ እንደማያዋጣ ከዚህ ይታያል። ባለቤቱ ራሱ ገዝቶ ያስረከበው ዕቃ ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል።

ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. የ2010ሩ ሕገ መንግሥት መጣ። አንቀጽ 46 ተጠቃሚዎች ተገቢ ጥራት ያለው ዕቃና አገልግሎት የማግኘት፣ በዕቃም ሆነ በአገልግሎት ጉድለት ለደረሰባቸው ጉዳትና ኪሣራ ካሣ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የእጅ ሥራ በሕገ መንግሥት ደረጃ ከዕቃ ጋር እኩል ተቀመጠ። በ2012 የወጣው የተጠቃሚዎች ጥበቃ ሕግም አቅራቢው ለሚሰጠው አገልግሎት ጥራት፣ በቃል ባይናገርም፣ ኃላፊነት እንደወሰደ ይቆጥረዋል። የግንባታ ተቋራጮችን የሚመዘግበው ብሔራዊ ባለሥልጣንም በ2011 በወጣ ሕግ ተቋቁሟል፤ ስሙ በመዝገቡ ላይ ያለ ሰው አድራሻውን አጥፍቶ መሰወር እንደማይቀለው ግልጽ ነው።

መብት አንድ ነገር፣ ደጅ መጥናት ሌላ ነገር። የ80,000 ሽልንግ ጥገና ለማስከፈል ጠበቃ ይዞ ዓመታት መመላለስ ለማንም አይዋጥም፤ ስለዚህ ሰው ይተወው ነበር። ይህን የለወጠው እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ሕግ የታቀደው፣ ሚያዝያ 26 ቀን 2021 በሚሊማኒ ሥራ የጀመረው የአነስተኛ ክሶች ፍርድ ቤት ነው። በ2020 በተደረገው ማሻሻያ የገንዘቡ ጣሪያ 1,000,000 ሽልንግ ሆነ። ክሱ በቀረበ በ60 ቀን ውስጥ ውሳኔ እንዲያገኝ ሕጉ ያዛል፤ ባለጉዳዩ ያለ ጠበቃ ራሱ ሊቀርብ ይችላል፤ ችሎቱም በጥብቅ የማስረጃ ሥርዓት አይታሰርም። ይግባኝ የሚባለው በሕግ ነጥብ ላይ ብቻ ሲሆን የሚሰማውም ከፍተኛው ፍርድ ቤት ነው። የማሞቂያው፣ የኢንቨርተሩ፣ የውኃ ፓምፑና የኤሌክትሪክ አጥሩ ጠብ አብዛኛው በዚህ ጣሪያ ሥር ይገባል።

ስንት ይጠየቃል የሚለው ለብቻው የሚታይ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ከሁሉ የሚጠቀሰው ፍርድ የአንድ የመዋኛ ገንዳ ታሪክ መሆኑ ገንዳ በበዛበት በሩንዳ ጆሮ ሳይስብ አይቀርም። አንድ እንግሊዛዊ ጥልቀቱ ሰባት ጫማ ከስድስት ኢንች የሆነ ገንዳ አዘዘ፤ የተሠራለት ስድስት ጫማ ከዘጠኝ ኢንች ሆነ። ለመዋኘት ምንም አላገደውም፤ የቤቱም ዋጋ አልቀነሰም። አፍርሶ እንደገና መሥራት 21,560 ፓውንድ ይፈጅ ነበር። ይግባኝ ሰሚው ይህን ሁሉ ፈረደለት። እ.ኤ.አ. በ1995 ግን የጌቶች ምክር ቤት ወጪው ከሚገኘው ጥቅም ጋር አይመዛዘንም ብሎ፣ ላጣው ደስታ የተፈረደለት 2,500 ፓውንድ ብቻ እንዲጸና አደረገ። በሕግ ቋንቋ ካሣ ማለት የተበሳጨውን ሰው ማስደሰት አለመሆኑን ከዚህ ፍርድ መረዳት ይቻላል። ጣሪያው የሚያፈስ ሰው ግን ከገንዳው ባለቤት የተሻለ ቦታ ላይ ነው፤ ቀዳዳውን ማስደፈንና ኮርኒሱን ማስጠገን ከጉዳቱ ጋር የሚመጣጠን ወጪ ነውና። ለሠሪው ጉድለቱን በጽሑፍ አስታውቆ የማረሚያ ዕድል መስጠት፣ ጉዳቱ እንዳይሰፋ ማድረግ፣ ፎቶግራፍ ማንሣትና ሌላ ባለሙያ የጥገናውን ዋጋ እንዲተምን ማድረግ ግን የከሳሹ ድርሻ ነው። ዝናቡ ሦስት ወር ሙሉ ሲገባ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው የሦስት ወሩን ጥፋት ሁሉ አያገኝም።

ስለ ጊዜውም አንድ ነገር መባል አለበት። አዲስ አበባ ቤት ያሠራ ሰው የ10 ዓመቱን ድንጋጌ በልቡ ይዞ ወደ ናይሮቢ ቢመጣ ይሳሳታል። በኬንያ በውል ላይ የተመሠረተ ክስ የሚቀርበው በ6 ዓመት ውስጥ ነው፤ ቀኑም የሚቆጠረው ውሉ ከተጣሰበት እንጂ ቀለበቱ ኮርኒሱ ላይ ከታየበት አይደለም።

ወደ አስተዋዋቂው እንመለስ። ሕጉ አሰናብቶታል፤ ሠፈሩ ግን አላሰናበተውም። ለቡና የተጠሩ ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች «ቃልህ የት ገባ?» ቢሉት ሕግ ጠቅሶ አያመልጥም። የኬንያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 159 ላይ ፍርድ ቤቶች ዕርቅን፣ ሽምግልናንና ባህላዊ የጠብ መፍቻ መንገዶችን እንዲያበረታቱ ያዛል። በዚህ መንገድ ያለቁ ነገሮች ጥቂት አይደሉም፤ አስተዋዋቂው ፉንዲውን ፈልጎ በእጁ ይዞት ይመጣል፣ ፉንዲውም ጣሪያው ላይ ይወጣል። ልምድ ያላቸው ሽማግሌዎች ታዲያ ዕርቁን በምርቃት ብቻ አይዘጉም። ምን እንደሚጠገን፣ እስከ መቼ፣ ካልተጠገነም ስንት ሽልንግ እንደሚከፈል በአንድ ገጽ ላይ ያስጽፋሉ፤ ከሠሪው ስም ሥር አስተዋዋቂውም የሚዋስበትን የገንዘብ ልክ ጽፎ እንዲፈርም ይጠይቁታል። አንዳንዱ በዚህን ጊዜ ቡናውን ሳይጨርስ ይነሣል።